ሳሩ የት ይቀመጥ?

ባሌ እስከ ዛሬ ድረስ አይጥ ነው የሚላቸው። ከሥራ ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ «አይጦቻችሁ በልተዋል?» ይላል። ልጃችን ትቆጣለች። ጊኒ ፒግ እንደሚባሉ፣ ከአይጥ ጋር እንደማይገናኙ፣ ጅራት እንኳ እንደሌላቸው ታስረዳዋለች። «ጅራታቸውንማ ዲቪ ሲደርሳቸው እዚያው ጥለውት መጥተው ነው» ይላታል። እሱ ራሱ በዲቪ የመጣ ሰው ስለሆነ ይህን ቀልድ ያለ ከልካይ ይደጋግመዋል።

ወደ ቤታችን የገቡት በእኔ ምላስ ነው፤ ስለዚህ ማማረር አልችልም። አብራኝ የምትሠራ አንዲት ሴት ወደ ሌላ ስቴት ስትዛወር ሁለቱን እንስሳት ከነሽቦ ቤታቸው የሚወስድላት ሰው አጣች። በምሳ ሰዓት ፎቷቸውን ስታሳየኝ «ውይ ሲያምሩ!» አልኳት። በእኛ ወግ ሰው ልጁን ሲያሳይ ሲያምር፣ ከብቱን ሲያሳይ ሲያምር ይባላል፤ ከዚያ ሁሉም ወደየቤቱ ይሄዳል። እሷ ግን የአገሬ ልጅ አይደለችም። «እንግዲያው ውሰጃቸው» አለችኝና በማግስቱ ሴንቴኒያል ሂልስ ከሚባለው ሰፈር ካለው ቤታችን በር ላይ አራግፋቸው ሄደች።

ከአይጥ ይበልጣሉ፣ ድመት አያክሉም። እግራቸው አጭር ስለሆነ ሲሄዱ ሆዳቸው ወለል ይጠርጋል። አንዷ ቡላ ናት፣ አንዷ ጥቁር። ልጄ ስም አውጥታላቸዋለች፤ ስሙን ግን ለማንም እንዳልናገር ስላስማለችኝ ቡላዋና ጥቁሯ እያልኩ እቀጥላለሁ። ልጄ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው መሐላ ሲያስገባ ቀልድ አይደለም።

የእኔን ሥራ ካልነገርኩ ቀጥሎ የሆነው ነገር አይገባም። ትልቅ ካዚኖ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳለሁ። ሥራው ቀላል ይመስላል። እንግዳው በገባበት ሰዓት ከእሱ በፊት በዚያ አልጋ ላይ አንድም ሰው ተኝቶ እንደማያውቅ ማመን አለበት። ፀጉር የለም፣ የጣት አሻራ የለም፣ የሰው ጠረን የለም። የመታጠቢያ ቤቱ ጨርቅና የብርጭቆው ጨርቅ በሕይወታቸው አይገናኙም፤ እንኳን ሊነካኩ፣ አንድ ኪስ ውስጥ አይቀመጡም። በዚህ ሥራ ጎበዝ ነኝ። ሱፐርቫይዘሬ አዲስ ሠራተኞች ሲመጡ የእኔን ክፍል ነው ወስዳ የምታሳያቸው። ይህን የምናገረው ለመኩራራት ነው።

እንግዲህ እንስሳቱ በገቡ ሰሞን አንድ ቀን ከሺፍት ስመለስ ልጄ ሳሎኑ ወለል ላይ ተንበርክካ ቤት ስትሠራላቸው አገኘኋት። በሽቦ ቤቱ አንድ ጥግ ዝርግ ትሪ አድርጋ የተቆራረጠ ወረቀት ነስንሳበታለች። እሱ ሽንት ቤታቸው ነው። በላዩ ላይ ደግሞ ጎንና ጎኑን የቀደደችለት ካርቶን ደፍታ፣ ደረቅ ሳራቸውን እፍኝ እፍኝ እያነሳች እዚያው ሽንት ቤቱ ላይ ትከምራለች።

«ምንድን ነው የምትሠሪው?» አልኳት።

«የሄይ ቦታ ነው፣ እማዬ። እዚህ ይበላሉ።»

«ሽንት ቤታቸው ውስጥ?»

«አዎ። ሲበሉ ፑፕ ያደርጋሉ። ሁለቱንም አብሮ። ሪድ አድርጌያለሁ።»

እኔ ያደግኩት ሽንት ቤቱ ከግቢው መጨረሻ፣ ከአጥሩ ሥር በተሠራበት ቤት ነው። ከማድ ቤቱ እስከዚያ የነበረው ርቀት ነው ሰውን ሰው የሚያሰኘው ብዬ ነበር የማስበው። የሆነ ሰው ኢንተርኔት ላይ ተቀምጦ ምሳና ሽንት ቤት አንድ ይሁን ቢል ልጄ ታምናለች፤ እኔ አላምንም። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም አልኩና እጄን ታጠብኩ፣ ከእሷ ሥራ ላይ አንድ ሳይቀር አነሳሁ።

እኔ የሠራሁትን ብታዩ ታደንቁ ነበር። ትሪው በአንደኛው ጫፍ፣ ሳሩ በሌላኛው ጫፍ። ሳሩን ወለል ላይ መጣል ነውር ስለመሰለኝ የሽቦ ቅርጫት ገዝቼ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩላቸው። የሳሩን ጫፍ ከጫፍ አገጣጥሜ፣ አጥፌ፣ ጠበቅ አድርጌ ከተትኩት። ከሥር ለስላሳ ጨርቅ አንጥፌ አራት ማዕዘኑን እንደ ሆቴል አንሶላ ወደ ውስጥ አጠፍኩ። ከዚያ ዕለት ጀምሮ በየጠዋቱ ወደ ሥራ ከመሄዴ በፊት ጨርቁን እቀይራለሁ፣ ትሪውን አጥባለሁ፣ ሽቦውን በሆምጣጤ እወለውላለሁ፣ የተረፈውን ሳር ጥዬ አዲስ እሰቅላለሁ።

ስለ ሳሩም ላንሳ። ይህ ከተማ በረሃ ላይ የተሠራ፣ ሳር የሚባል ነገር የጠፋበት ነው። የእኛ ሰፈር ደጅ ሁሉ ጠጠር ነው፤ ጠጠር ያልሆነው ፕላስቲክ ነው። ጎረቤታችን የፕላስቲክ ሳሩን ቅዳሜ ቅዳሜ በቫኪዩም ይጠርገዋል። እኔ ደግሞ ከእንስሳት ዕቃ መሸጫው እውነተኛውን ሳር በከረጢት ተሸክሜ ስወጣ ዕንቁ የገዛሁ ያህል አቅፌው ነው። ባሌ ከረጢቱን ከፍቶ አሸተተና «አክስቴ ይህን ለላሟ ስትሰጥ ላሟ ፊቷን ታዞር ነበር» አለ።

እሱ ሃሪ ሪድ አየር ማረፊያ መንገደኛ በዊልቸር ይገፋል። ቀኑን ሙሉ በትሕትና ሲናገር ስለሚውል ማታ የተረፈውን ትሕትና ቡላዋ ላይ ይጨርሳል። ሽቦው አጠገብ ጎንበስ ብሎ «ማዳም፣ ዊልቸር ላምጣልዎት? የመሳፈሪያ ጌትዎ ሩቅ ነው» ይላታል፤ ያን ሁሉ መንገድ ከትሪው እስከ ሳሩ የዘረጋሁት እኔ ስለሆንኩ ነገሩ ለማን እንደተወረወረ ይገባኛል።

ሳሩ ግን እንዳስተካከልኩት ይውል ነበር። ጠዋት የሰቀልኩትን ማታ ስመለስ ከጥቂት ዘለላ በቀር ሳይዛነፍ አገኘዋለሁ። እውነቱን ልናገር፣ ደስ ይለኝ ነበር። ጨዋዎች ናቸው፣ አያበላሹም አልኩ። ሰላጣ ቅጠል ስሰጣቸው ሮጠው መጥተው ይበሉና ተመልሰው ጨርቁ ሥር ይደበቃሉ። ቀን በቀን የምጠርገው በጠጥ ሲቀንስና እያነሰ ሲሄድ ደግሞ ይበልጥ ደስ አለኝ። ክፍል የሚያጸዳ ሰው ቆሻሻ የማይተው እንግዳ እንደሚወድ ነው የወደድኳቸው።

ያልተደሰተችው ልጄ ናት። አንድ ዓርብ ከትምህርት ቤት መጥታ ቡላዋን አቀፈችና ፊቷ ተለወጠ። «እማዬ፣ ላይት ሆናለች» አለችኝ። አጥንቷ በፀጉሯ ሥር ይዳሰሳል። ጥቁሯ አልፎ አልፎ ሳር ትነጫለች፤ ቡላዋ ግን ጭራሽ ትታዋለች፤ ያን ቀን ሰላጣውንም አልፈለገችም። ጊኒ ፒግ ሳር መብላት ካቆመች ሆዷ እንደሚቆም፣ ሆዷ ከቆመ ደግሞ ብዙ እንደማትቆይ ልጄ አንብባለች። ይህን በአማርኛ ልትነግረኝ ሞክራ ቃሉ ስላልመጣላት «ትሄዳለች» አለችኝ። የት ብዬ አልጠየቅኳትም። የእንስሳት ሐኪም ጋ ደወልን፣ ለማግስቱ ጠዋት ቀጠሮ ሰጡን።

የዚያን ዕለት ምሽት የቤት ለቤት ኅብረት ተራው የእኛ ነበር። ከቤተ ክርስቲያናችን ጥቂት ሰዎች መጥተው ሳሎን ተቀምጠዋል፤ የሽቦ ቤቱን ሰው እንዳያየው ከሶፋው ጀርባ ገፍቼዋለሁ። ዝማሬው አልቆ የጸሎት ርዕስ ያለው ይናገር ተባለ። አንዱ የጉልበት ሕመሙን ተናገረ። አንዷ የኢሚግሬሽን ወረቀት የሚጠብቅ ወንድሟን አነሳች። በዚህ ሰዓት ሁልጊዜ ክፍሏ ውስጥ የምትቀመጠው ልጄ መጥታ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች።

«እኔም አለኝ» አለች። «ጊኒ ፒጌ ሄይ አትበላም። ፕሊስ፣ አትሳቁ።»

አንድ ሰው አሳለው፤ ሳል አልነበረም። ባሌ ጣሪያውን ማየት ጀመረ። እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ አልጠላም ነበር፤ የኢሚግሬሽን ወረቀትና የእኔ አይጥ አንድ ላይ ሊጸለይላቸው ነው! ከመካከላችን በዕድሜ የሚበልጡት እማማ ግን ወደ ልጄ ዞር አሉ።

«ምንድን ነው የማትበላው፣ የኔ ልጅ?»

«ሳር ነው እማማ» አልኩ እኔ።

«ሳር? ሳር የሚበላ ፍጥረት ሳር እምቢ ካለማ ታሟል። ምን ያስቃል?» አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። «ጌታ ሆይ፣ ይህቺን ስሟን የማላውቃትን ፍጥረትህን አስባት። አንተ ታውቃታለህ። የምግብ ፍላጎቷን መልስላት። የዚህችን ልጅ ልብ አትስበር።»

አሜኑ ለኢሚግሬሽኑ ከተባለው ይበልጥ ነበር። ልጄ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። የእኔም እፍረት እዚያ ላይ ጠፋ። ልጄ በአማርኛ ሰው ፊት ተናግራ አታውቅም፤ ይሳቁብኛል ብላ የምትፈራውን ሁሉ ለዚያች ለቡላዋ ብላ ዋጠችው። ቡላዋ ብትሞትባት ምን እላታለሁ ብዬ ጨነቀኝ። ባሌም እንግዶቹን ሸኝቶ ሲመለስ «ነገ ስንት ሰዓት ነው የምትወስዷት?» ብሎ ጠየቀ እንጂ አይጥ አላለም።

ሐኪሟ ቀጭን፣ ረጋ ያለች ሴት ናት። ቡላዋን አገላብጣ አየቻት፣ ጥርሷን አየች፣ ሆዷን በጣቷ ጫን ጫን አደረገች። ጥርሷ ደህና ነው፣ ሆዷም ገና አልቆመም፣ በጊዜ አምጥታችኋታል አለች። ከዚያ የሚኖሩበትን ቦታ ፎቶ ጠየቀች። ስልኬን አውጥቼ ሰጠኋት። ፎቶውን ያነሳሁት እህቴን ላስቀናበት ነበር።

ሐኪሟ ፎቶውን ትንሽ አየችና በእንግሊዝኛ «በጣም ንጹሕ ነው» አለች።

አመሰገንኳት።

ምስጋና አልነበረም። እንግሊዝኛው ባይጠፋኝም ልጄ ልተርጉም አለች። ሐኪሟ የምትናገረው አጭር፣ የልጄ ትርጉም ረጅም ሆነብኝ። «እማዬ፣ ሐኪሟ ያለችው፣ እነሱ እየበሉ ነው ፑፕ የሚያደርጉት። ሄይ ሩቅ ከሆነ፣ ከፍ ካለ፣ በጣም ታይት ከሆነ አይበሉም። ደግሞ በየቀኑ ሁሉንም ስትወስጂ የራሳቸው ስሜል፣ ሽታቸው፣ ይጠፋል። አዲስ ቤት ነው ብለው ይፈራሉ። በየቀኑ አዲስ ቤት! ስለዚህ ይደበቃሉ። ደግሞ ልጅሽን ስሚ አለች።» የመጨረሻውን ሐኪሟ አላለችም። አንገቷን ግን ነቀነቀች።

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። ከፊት እያስገቡ ከኋላ እያወጡ፣ ያንኑ ቦታ ወድደው የሚኖሩ ፍጥረታት ናቸው ለካ። ሐኪሟ በውኃ የሚበጠበጥ የሳር ዱቄትና መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ሰጠችን፤ ራሷ ሳር እስክትጀምር በዚያ እያጎረስን፣ የሳሩን ቦታ ዛሬውኑ እንድናስተካክል አስጠነቀቀችን። ሳር ካልጀመረች ግን ዱቄቱ ብቻውን እንደማያቆያት ነገረችን። መኪና ውስጥ ልጄ ቡላዋ ያለችበትን ሣጥን ጭኗ ላይ አድርጋ በሁለት እጇ አቅፋው መጣች።

ቤት እንደገባን ካርቶን ፈልጋ አመጣች። እኔ ጓንት አደረግኩ።

«ጓንቱን አውልቂው» አለችኝ። «ይሸታል፣ አይወዱም።»

አወለቅኩ። ትሪውን ከጥጉ አደረግን፣ ወረቀት ነሰነስን። ካርቶኑን አንዷ ሌላዋን እንዳትዘጋባት በሁለት በኩል በር አወጣንለትና ደፋንበት። ሳሩን ሳነሳ እጄ ሳያማክረኝ ማስተካከልና ማጠፍ ጀመረ። «አታጥፊው! ዝም ብለሽ ጣዪው!» ዝም ብዬ ጣልኩት። ሳር ምንጣፌ ላይ፣ ሳር ሶፋዬ ላይ፣ ሳር ፀጉሬ ውስጥ ገባ። ከዚያ ከባዱ መጣ። ጠዋት ከትሪው አውጥቼ ለመጣል በፌስታል ያሰርኩትን የረጠበ ወረቀት ልጄ ፈትታ ዘረጋችልኝ። «ትንሽ መልሺበት። የራሳቸው ነው።» በባዶ እጄ ከዚያ እፍኝ አንስቼ አዲሱ ወረቀት ላይ፣ ምሳቸው ሥር መለስኩት። ሱፐርቫይዘሬ ብታየኝ ባጄን ትቀበለኝ ነበር። አፍንጫዬን ይዤ፣ ልጄን አየሁ፣ አፍንጫዬን ለቀቅኩ።

ቡላዋ ካርቶኑ ውስጥ ገብታ ተኛች። አልበላችም። ልጄ በሲሪንጅ ስታጎርሳት ግማሹን ትተፋዋለች። ባሌ ከሥራ መጥቶ አየን፣ ቀልድ ሳይፈልግ ሄዶ ለሁላችንም ምግብ አሞቀ። ልጄ ያን ቀን የበላችው እንስሳዋ ከበላችው አይበልጥም። እኔ ደግሞ ትሪውን ማጠብ እያማረኝ እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩ።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መጀመሪያ የሰማው ባሌ ነው። በሩ ላይ ቆሞ እጁን አነሳ። ከሶፋው ጀርባ ቅርጥም ቅርጥም የሚል ድምፅ ይመጣል። በቀስታ ሄደን ጎንበስ አልን። ቡላዋ ካርቶኑ ውስጥ ሳሩ ላይ ወጥታ ተቀምጣ አንድ ረጅም ዘለላ ከጫፉ እየሳበች ታስገባለች፤ በኋላዋ ደግሞ ሌላውን ሥራ ታካሂዳለች።

«ይህቺ ልጅ ሁለት ሺፍት ገባች» አለ ባሌ።

ልጄ ሳቀች፣ ወዲያው አለቀሰች፣ እንደገና ሳቀች። እኔ በዕድሜዬ በጠጥ አይቼ እንዲህ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ከሰዓት እማማ ደወሉ። «እህሳ፣ በላች?» አሉ። በላች አልኳቸው። «ጌታ ይባረክ! አላልኳችሁም? ልክ ዓርብ ስንጸልይ ልቤ ዐርፎ ነበር።» ስለ ሐኪሟ፣ ስለ ካርቶኑ፣ ስለ ረጠበው ወረቀት ልነግራቸው አፌን ከፈትኩ። ዝም አይነቅዝም። አሜን አልኩ።

ስልኩን ስዘጋ ልጄ አሁንም እዚያው ወለሉ ላይ በደረቷ ተኝታ እጇን በሽቦው አሳልፋ ቡላዋን ታሻሻለች። ወደ እኔ ሳትዞር ተናገረች።

«እማዬ፣ የኔንም ሩም እንደዚህ ታደርጊዋለሽ?»

«እንዴት አድርጌ?»

«ትንሽ የኔን ትተዪ። ስኩል ስሄድ ገብተሽ ሁሉንም ፊክስ ታደርጊያለሽ። ስመለስ ምንም የኔ የለም። እኔን እኔን አይሸትም።»

«አልጋ ማንጠፍም ጥፋት ሆነ?» አልኳት። አጠያየቄ ትንሽ ቁጣ ነበረው፤ ምክንያቱም በዚህ ዓለም ላይ ለእሷ በየቀኑ ሳልታክት የማደርገው ነገር ቢኖር እሱ ነው። ቀኑን ሙሉ የማላውቀውን ሰው አልጋ ስለማነጥፍ የማውቀውን የአንድ ሰው አልጋ ማንጠፍ ለእኔ ሥራ አልነበረም።

«ጥፋት አይደለም። ናይስ ነው» አለች ልጄ፣ ላለማስከፋት ቃል እየመረጠች። «ግን ልክ እኔ እንደ ሆቴል እንግዳ ቼክ አውት አድርጌ የሄድኩ ነው የሚመስለው።»

ከምንጣፉ ላይ ሳር ልለቅም ጎንበስ አልኩ፤ ከዚያ ተውኩት።

ሰኞ ጠዋት ወደ ሥራ ልወጣ ስል በክፍሏ በር አለፍኩ። እሷ ወጥታለች። ብርድ ልብሱ ግማሹ አልጋ ላይ፣ ግማሹ መሬት ላይ ነው። መጽሐፍ በፊቱ ተደፍቷል። መኻል ወለሉ ላይ አንድ ካልሲ ተጋድሟል። አንድ እጄ ሄዶ ነበር፣ በሌላው ያዝኩት። በሩን እንዳገኘሁት ገርበብ አድርጌ ትቼ ወጣሁ። ያ ካልሲ ግን ከሐሳቤ አልወጣልኝም፤ የስንቱን እንግዳ አንሶላ ሳነጥፍ እሱን ነበር የማየው።

ስመለስ ካልሲው ሁለት ሆኗል። ቦርሳው ተዘርግፏል፣ ወንበሩ ላይ ልብስ ተከምሯል፣ በዚያ ሁሉ መኻል ልጄ አልጋዋ ላይ ተጠቅልላ ታነባለች። ደስ አለኝ ብል ውሸት ነው። ግን ልጄ ቤቷ ነበረች።